ያላወቁ አለቁ፤ ያወቁትስ?

«ያላወቁ አለቁ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ጥፋቱን ባላወቀው ላይ የሚጥል ይመስላል። እስቲ ዛሬ ደግሞ ስለ አዋቂው እንጠይቅ፤ ያወቀው ዝም ብሎ ያላወቀው ቢያልቅ ዕዳው የማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከራዲየም የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ይህን ንጥረ ነገር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1898 ፓሪስ ውስጥ ነው። ማሪ ጣራው በሚያፈስ አሮጌ ቤት ውስጥ ቶን ሙሉ የማዕድን ዝቃጭ ስታማስልና ስታጣራ ከርማ፣ በ1902 እጇ የገባው የግራም አንድ አሥረኛ የሚያህል የራዲየም ክሎራይድ ነበር። ፒየር ራዲየሙን ክንዱ ላይ አስሮ ቆዳው ሲቆስል፣ ቁስሉን እንደ ማንኛውም ሙከራ መዝግቦ ያዘ። ማሪ በ1934 የሞተችበት የደም በሽታም ጨረር ያመጣባት መሆኑ ይታመናል። አደጋውን በሙሉ ባያውቁትም፣ የመረጡት ራሳቸው ናቸው። መሥዋዕትነት ብንለው ያምርበታል።

ዳሩ ግን ያው ራዲየም ሌላም ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ፣ በኒው ጀርሲዋ ኦሬንጅ ከተማ፣ ከ1917 ጀምሮ ወጣት ሴቶች በጨለማ እንዲያበሩ የሰዓት ቁጥሮችን በራዲየም ቀለም ይቀቡ ነበር። የብሩሹን ጫፍ በከንፈራችሁ አሹሉት ተባሉ። ቀለም፣ ቁጥር፣ ከንፈር፤ ደግሞ ቀለም። ይጎዳን ይሆን ወይ ብለው ሲጠይቁም፣ ምንም አያደርጋችሁም ተባሉ። ራዲየም የካልሲየም ዘመድ ነውና አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የአንዳንዶቹ መንጋጋ እየበሰበሰ ረገፈ። አምስቱ ከሰው ጉዳዩ በ1928 በስምምነት ሲያልቅ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላርና በዓመት 600 ዶላር ተወሰነላቸው።

«ያኔ ሳይንሱ ገና ነበር፤ ማን ያውቃል?» የሚል ይኖራል። አይ ወንድሜ! በዚያው ፋብሪካ ኬሚስቶቹ ራዲየሙን የሚነኩት ከእርሳስ ከለላ ጀርባ ቆመው፣ በመቆንጠጫ ነበር። አደጋ የለም ካሉ ከለላው ለምን አስፈለገ? ለራሳቸው ያቆሙት ከለላ ራሱ መስክሮባቸዋል። ቀለሙን የፈለሰፈው ዶክተር ፎን ሶቾኪም እዚያው 1928 ላይ በራዲየም ጦስ ሞተ። ራዲየም አለቃና ሠራተኛ አይለይም፤ የሚለየው ሰው ነው።

እንግዲህ በራስ ሕይወት መድፈርና በሰው ሕይወት መድፈር ለየቅል ናቸው። ነገ ብዙዎቻችን የምናውቀውን የማያውቁ ሰዎች በእጃችን ሥር ይሠራሉ። ያን ጊዜ ራሳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ እኔ ጓንት አጥልቄ የምነካውን፣ እሷን በባዶ እጅሽ ንኪው ብያለሁ ወይ? ካልኩ፣ ያላወቀችው ስታልቅ ዕዳው የእኔ ነው።