ከእልፍኝ አስከልካይ እስከ አጃቢ

በቤተ መንግሥት ደጅ ጠኚውን ወደ ንጉሡ የሚያስገባውም የሚመልሰውም እልፍኝ አስከልካዩ ነበር። ሰው እጅ የሚነሳው ለቆመበት በር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሹመቱም አብሮ ቀረ።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሐበሻ ጎረቤት የሆኑት ኤልሳልቫዶራውያን፣ ሴት ልጃቸው 15 ዓመት ሲሞላት ይደግሱላታል። አጃቢዎቿን «ቻምቤላን» ይሏቸዋል፤ ቃሉ የጥንት የእልፍኝ አስከልካይ ማዕረግ ነው። እነዚህኞቹ ግን በር አይዘጉም፤ አብረዋት ገብተው ይጨፍራሉ።

ልጁን ከሰው አገር ክፉ ለመጠበቅ ደጅ ላይ የቆመ አባት አይወቀስም፤ መጠበቅም መውደድ ነው። ሆኖም በር የሚጠብቅ ሰው ጀርባውን የሚሰጠው ለሚጠብቀው ነው። አብሯት የሚራመድ ግን ፊቷን ያያል፤ ስትከፋም ቀድሞ ያውቃል።