ለጽንሱ ሲባል የምትሞተው ጥንቸል

 

በቆቦ ሜዳ በመስኖ የሚለማውን የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ የሚያውቅ፣ መርጫ በጀርባው ያዘለውን ወጣትም ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ጓንትም ጭንብልም የለውም። በማግስቱ ሴቶች ለአረም ይገባሉ፤ ነፍሰ ጡርም አትጠፋም። ያ መድኃኒት በማህፀኗ ላለው ልጅ ምን ያመጣል? ይህን ለማወቅስ ማን ይጎዳ?

እስካሁን በአብዛኛው የተጎዱት አይጥና ጥንቸል ናቸው። በተለመደው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ያረገዙ እንስሳት በየቡድኑ 20 ገደማ ሆነው ቢያንስ በአራት ቡድን ይመደባሉ። ሦስቱ ኬሚካሉን በተለያየ መጠን ይወስዳሉ፤ አንዱ ለማነጻጸሪያ ይቀራል። መውለጃቸው ሲደርስ ይገደሉና ጽንሶቹ አንድ በአንድ ይመረመራሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የነገሩንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነፍስ ያለውን ፍጡር የቀስት ዒላማ ማድረግንም ከልክለዋል። በሌላ በኩል፣ የማህፀኑ ልጅም አማና ነው። የፊቅህ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩን ዶሩራ የተከለከለን ነገር የሚፈቅደው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መንገድ አለ ወይ የሚል ይሆናል።

አለ፤ ግን ገና ሙሉ አይደለም። የዜብራ ዓሣ ሽል ብርሃን ስለሚያሳልፍ ልቡ ሲመታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ደግሞ የግንድ ሴሎች የልብ ሴል ሆነው መምታት ይጀምራሉ፤ ኬሚካሉ ይህን ካገደ ማስጠንቀቂያ ነው። ሳህኑ ግን ጉበትም የእንግዴ ልጅም የለውም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሌላ መርዝ የሚለወጠውን ሊስት ይችላል።

እንስሳውም ቢሆን ፍጹም መስታወት አይደለም። ታሊዶማይድ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን ተሸጦ፣ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ ተወለዱ። በኋላ ሲፈተሽ አይጦች እምብዛም አልተነኩም፤ ጉዳቱን ያሳየችው ጥንቸል ነበረች።

እኔ ፍተሻው ዛሬውኑ ይቁም አልልም። ክፍተቱን የምትከፍለው አራሚዋ ናትና። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በአገራችን አትክልት ላይ በሰፊው የሚረጨው ማንኮዜብ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ውሁድ የአይጥ ጽንስ እንደሚያበላሽ ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፈቃዱን አላደሰም፤ አንዱ ምክንያት ለጽንስ አደገኛ ተብሎ መመደቡ ነው። እነዚያ አይጦች ሞተው የነገሩን እኮ ይህን ነው! እኛ ዘንድ ግን ዱቄቱ በባዶ እጅ ይበጠበጣል፣ ባዶ ጀሪካኑም ውሃ ይቀዳበታል። እንዲህ ከሆነ የሞቱት በከንቱ ነው፣ ዶሩራውም ፈርሷል።

በብዙ ቤት የመድኃኒቱን ጽሑፍ ማንበብ የሚችለው ተማሪው ልጅ ነው። ያ ልጅ አንተ ወይም አንቺ ከሆናችሁ፣ ከመረጨቱ በፊት ከረጢቱን ገልብጡና ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እናት ወይም እህት ነፍሰ ጡር ከሆነችም በዚያ ሳምንት ማሳው ውስጥ አትግባ።