ይቅር የሚለው ትራፊኩ ነውን?

አጎቴ ወረታ ከተማ የሚኖሩ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። ሥራ ተቋራጭ ሲባል ግን ባለ ብዙ ማሽን ኩባንያ ለአንባቢ እንዳይታየው። የትምህርት ቤት አጥር፣ የሩዝ መጋዘን ወለል፣ የመንገድ ዳር ቦይና ይህን የመሳሰለውን በጨረታ እያሸነፉ የሚሠሩ፣ ንብረታቸውም አንድ አሮጌ አይሱዙ፣ አንድ የኮንክሪት ማደባለቂያ፣ ጥቂት አካፋና ዶማ የሆነ ሰው ናቸው። ሶላታቸውን በጀመዓ የሚሰግዱ፣ የሠራተኛ ደመወዝ የማያሳድሩ፣ ወለድ ያለበትን ብድር ፈርተው ለዓመታት ያለ መኪና የሠሩ መሆናቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ አንድ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ ኪታብ ታገላብጣለህ። ሊብሬዬ ላይ 50 ኩንታል ተብሎ ተጽፏል። እኔ 80 እጭናለሁ፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይኼ የመንግሥት ደንብ ብቻ ነው ወይስ አላህ ዘንድም ያስጠይቃል?»

ጥያቄውን ያመጣው ምክንያት ነበር። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ መኪናው ከርብ ወንዝ አሸዋ ጭኖ ሲመለስ፣ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ከነበሩት ስድስት የቀን ሠራተኞች አንዱ፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ ሾፌሩ ጉድጓድ ለማለፍ መሪ ሲጠመዝዝ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። ነፍሱ ተርፋለች፤ አልሐምዱሊላህ። እግሩ ግን እንደ ቀድሞው እንደማይሆን ሐኪሞች ተናግረዋል። አጎቴ የሕክምናውን ወጪ ችለዋል፤ እስኪያገግምም ቀለቡን ይልካሉ። ጥያቄያቸው ይህን ካደረጉ በኋላም ልባቸው ውስጥ የቀረ ነገር ስለነበረ ነው።

የአሸዋውን ሥራ የማያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ሊፈርድ ይችላል። ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ በይፋግና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጣራ ገዳም አካባቢ አልፎ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይሄዳል። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚፈተግባት ከተማ በመሆኗ ግንባታው አያቋርጥም። ለግንባታው የሚሆነው አሸዋ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ይወጣል። አሸዋ የሚሸጠው ግን በክብደት ሳይሆን በቢያጆ ነው። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ ወደ 16 ኩንታል ይመዝናል፤ ውሃ የጠጣው ደግሞ ወደ 20 ይጠጋል። እንግዲህ 50 ኩንታል የተፈቀደለት መኪና በሕጉ መሠረት ከጫነ የሚይዘው ሦስት ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነው፤ ካሶኒው በግማሽ ባዶ ሆኖ ይታያል። ገዢው ይህን ሲያይ «ቢያጆው ጎደለ» ይላል። ሌላው ባለ መኪና ስፖንዳውን በጣውላ ከፍ አድርጎ አምስትና ስድስት ሜትር ኩብ ይዞ ይመጣል። የገበያው ዋጋ የተቆረጠው በሁለተኛው ሰው ጭነት ነው። ጨረታውም እንደዚሁ። ሕግ አክብሮ የሚጭን ሰው ከመጀመሪያው ተሸናፊ ሆኖ ይገባል ማለት ነው።

ስለዚህ የአጎቴ ምክንያቶች ከንቱ አይደሉም። ሁሉም ይጭናል፤ እኔ ብቻዬን ብተው ልጆቼ ምን ይበላሉ? ትራፊኩም አይቶ ያሳልፈኛል፤ ባያሳልፈኝም የሚደረገውን አድርጌ አልፋለሁ። (የሚደረገው ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።) ልጆቹም ቢሆኑ ወደው ነው የወጡት፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

እኔ ግን በመጀመሪያ «የመንግሥት ደንብ» በሚለው ቃል ላይ ማቆም ፈለግሁ። ብዙዎቻችን የመኪና ሕግ ከውጭ የመጣ፣ ሸሪዓው የማያውቀው ወረቀት ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ከሒጅራ በኋላ ከ99 እስከ 101 ዓመተ ሒጅራ የገዙት ኸሊፋ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ (ረሒመሁላህ) በግብፅ ግመሎች አንድ ሺህ ረጥል እንደሚጫንባቸው ሲሰሙ በዚያ ለነበረው ሹማቸው ደብዳቤ ልከው ጭነቱ ከ600 ረጥል እንዳይበልጥ አዘዋል። ልብ እንበል። ኸሊፋው «ለግመል እዘኑ» ብለው ብቻ አላለፉም፤ ቁጥር ወሰኑ። በ450 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አል-ማወርዲም ስለ አስተዳደር በጻፉት ኪታባቸው የገበያና የመንገድ ተቆጣጣሪው፣ ማለት ሙሕተሲቡ፣ ባለ ጀልባዎች ከአቅም በላይ እንዳይጭኑና ኃይለኛ ንፋስ ሲኖር እንዳይነሱ መከልከል እንዳለበት፣ የጋማ ከብት ባለቤቶችንም ከአቅም በላይ ከመጫን እንዲያግድ አስፍረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ የአንሷር ሰው አትክልት ገብተው ግመሉ በረሃብና በድካም እንደበደለው ባለቤቱን የገሠጹበት ታሪክም በየቤታችን የሚነገር ነው።

የእኛው አካባቢ ሰዎችም ይህን የማያውቁ አልነበሩም። ይፋግ ዛሬ በመኪና ስናልፍ ትንሽ ከተማ መስላ ትታየናለች እንጂ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሞሌ ጨውና የጨርቅ ቅፍለት የሚያርፍባት፣ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚመላለሱባት ታላቅ ገበያና ኬላ ነበረች። ቅፍለት የሚነዳ ነጋዴ የበቅሎውን አቅም የሚነግረው ወረቀት አያስፈልገውም። በቅሎ ከአቅሟ በላይ ስትጫን ራሷ ትናገራለች፤ ትለግማለች፣ ትተኛለች፣ ጀርባዋ ይላጣል። አይሱዙ ግን አይተኛም። ባሌስትራው ተንጋሎ፣ ፍሬኑ ግሎ፣ ጎማው ተወጥሮ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ እስከሚሄድበት። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቁጥር አፍ የሌለው መኪና አፍ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ይህ ቁጥር የሚጠብቀው ማንን ነው? መጀመሪያ ሾፌሩንና ከላይ ያለውን ሰው ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወረድ ቁልቁለቱ ወደ 900 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ቁልቁለት ላይ 50 ኩንታል ሊያቆም የተሠራ ፍሬን 80 ሲጫንበት የሚሆነውን ለባለሙያ መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛ የሚጠብቀው ከፊት የሚመጣውን፣ በእግሩ የሚሄደውን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ልጅ ነው። ሦስተኛው መንገዱ ነው፤ ብዙ ሰው የማያስበውም ይህን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት መኪናዎችን በተለያየ ክብደት ሌት ተቀን እያመላለሱ በተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል እንደማይጨምር ታውቋል። ጉዳቱ የሚያድገው በክብደቱ አራተኛ ኃይል ገደማ ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይሆናል። በሀገራችን ለረጅም ጊዜ በተሠራበት የ10 ቶን ጣሪያ ፈንታ 14 ቶን የተሸከመ አክስል መንገዱን ወደ አራት እጥፍ ያህል ይጎዳል። የፎገራ መሬት ደግሞ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ያን ጉድጓድ ማን ቆፈረው? አጎቴ መኪናው መሪ የጠመዘዘበትን ጉድጓድ «የመንግሥት ቸልተኝነት» ይሉታል። እውነት አላቸው፤ ግን የእሳቸው 30 ኩንታል ትርፍ ጭነትም በየቀኑ ዶማውን አሳርፎበታል።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ እዚህ ላይ ነው ያለው። ዑለማዎቻችን ሐቅን ሲከፍሉ የአላህ ሐቅና የሰው ሐቅ ይላሉ። አላህ ከእሱ ሐቅ የጎደለውን በተውባ ይምራል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ ወይም ካልተመለሰለት በተውባ ብቻ አይወርድም። የጭነቱ ልክ የማን ሐቅ ነው? የትራፊክ ፖሊሱ ሐቅ ቢሆን ኖሮ እሱ ይቅር ሲል ነገሩ ባለቀ ነበር። ነገር ግን የላይኛው ልጅ አጥንት የትራፊኩ ንብረት አይደለም፤ መንገዱም አይደለም። የራሱ ያልሆነውን እንዴት ሊምር ይችላል? እጁ ውስጥ የገባው ብር ባሌስትራውን አያጠነክርም፤ ፍሬኑንም አያበርድም። አጎቴ ያለፉት ኬላውን ነው እንጂ ጉዳዩን አይደለም። ጉቦው ደግሞ በራሱ ሌላ ወንጀል ሆኖ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይጠብቃል።

«ወደው ነው የወጡት» የሚለውም አያስኬድም። ጠዋት መኪናው ሲነሳ አልወጣም ያለ ልጅ የዚያን ቀን ሥራ ያጣል። በዚህ መንገድ የተገኘ ፈቃድ እውነተኛ ፈቃድ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሸሪዓው የነፍስ ካሳን 100 ግመል አድርጎ ከፍ ሲያደርገው ሰው በቀላሉ የሚተመን ዕቃ እንዳልሆነ እያሳየ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት የቆረጠው የካሳ ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው መድን ገባሁ ብሎ በሰላም አይተኛም።

ይህን ሁሉ ስል ሸክሙን በአጎቴ ትከሻ ላይ ብቻ መጣሌ እንዳይመስል። ደንብ አውጪውም አማና አለበት። አሸዋ በሚጫንበት ወንዝ ዳር አንድም ሚዛን አላየሁም። ሚዛን ሳያቀርቡ ቁጥር ማዘዝ፣ ከዚያም ድሃውን ተቋራጭ መንገድ ላይ ጠብቆ ማስቆም ደንቡን ለሽያጭ ያቀርበዋል። ሥራ የሚሰጠውም መሥሪያ ቤት ቢሆን በሕግ ጭነት ሊሠራ የማይችለውን ዋጋ «ዝቅተኛ ተጫራች» ብሎ ሲያጸድቅ ከትርፍ ጭነቱ ድርሻ አለው። ደግሞ ደንብ ሁሉ አንድ ክብደት የለውም። ቦሎ ለመለጠፍ ሳምንት የዘገየና ሰው አሸዋ ላይ ጭኖ የሄደ ሰው በእኔ ዘንድ እኩል አይደሉም፤ ሁለቱን እኩል የሚያስፈራራ ተቆጣጣሪ ሕዝቡ ሁለቱንም እንዲንቅ ያስተምራል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ም ሆነ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ማሻሻያዎች ቅጣቱን በየደረጃው መክፈላቸው ለዚህ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ከአጎቴ ጋር ልጁን ለመጠየቅ ሄድን። ቤተሰቡ ክርስቲያን ነው፤ እናትየው ቡና አፍልተው ተቀበሉን። አጎቴ ብዙ አልተናገሩም። «የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው» አሉ።

«እኔማ ይቅር ብያለሁ፤ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። እግዜር ያመጣው ነው» አሉ እናትየው።

«እግዜር አይደለም፤ እኔ ነኝ ያበዛሁት» አሉ አጎቴ።

ልጁ ከአልጋው ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ጋሼ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ። ከእኔ ጋር የነበሩትን አምስቱን ልጆችስ ጠይቀዋቸዋል? እነሱ ስላልወደቁ ነው እንጂ...» ብሎ አላስጨረሰውም። አጎቴ አንገታቸውን ደፉ። ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም ብጠየቅ የምመልሰው አልነበረኝም፤ አምስቱን ልጆች ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፣ የመንገዱን ባለቤቶች ግን ማን ቤት ሄደው ያንኳኳሉ?

አሁን የአይሱዙው ካሶኒ ውስጥ በነጭ ቀለም የተሠመሩ ሁለት መስመሮች አሉ። የላይኛው ለደረቅ አሸዋ፣ የታችኛው ለእርጥቡ ነው። ሠራተኞቹ በባጃጅ ይሄዳሉ፤ ኪራዩ የአጎቴ ነው። አሸዋ ጫኞቹ መስመሩን ሲያዩ ይስቃሉ፤ ዋጋ ግን አይቀንሱም። በሁለት ምልልስ ያልቅ የነበረው ሥራ ሦስት ምልልስ፣ አንዳንዴም አራት ይፈጃል። በሰኔ የወጣውን የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጨረታ በዋጋ ተበልጠው አጥተውታል። ያሸነፈው ሰው አሸዋ የሚያመላልሰው በዚያው መንገድ ላይ ነው።