ፈቃዱ የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነስቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ክርክሩ ስለ አንዲት ጋራዥ ነበር። ጋራዥ ስንል መኪና የሚጠገንበትን ማለታችን አይደለም፤ በግቢ ጥግ ተሠርታ አንዲት መኪና የምታድርባትን ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ማለታችን ነው። አንባቢ «ይኼ ደግሞ ምን ፍልስፍና አለው?» ይል ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ጓደኛችን አባት የላዳ ታክሲ ሹፌር ናቸው። ያቺ ላዳ የቤቱ እንጀራ ናት። መንገድ ላይ ስታድር አንዴ ስፖኪዮዋ፣ አንዴ ባትሪዋ ተሰረቀ። ስለዚህ ጋሼ በግቢያቸው ጋራዥ ለመሥራት ቆርጠው ተነሱ፤ እንደ ደንበኛ ሰውም ፈቃድ ጠየቁ። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸው ስለነበር ጋራዧ የምትወድቀው ከትንሹ፣ ከ«ሀ» ምድብ ነበር። ትንሽ ናት ተብሎ ግን ፈቃድ አይቀርላትም። ካርታ ይዞ መቅረብ፣ የፕላን ስምምነት ማግኘት፣ ፕላን አሠርቶ ማስገባት፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ጋሼ ጠበቁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይልዎ አልተገኘም»፣ «ማክሰኞ ይመለሱ»። ስንት ማክሰኞ! በመጨረሻ አንድ ጉዳይ ገዳይ በር ላይ ጠብቆ፣ ለሻይ የምትሆን ነገር ካለች በሦስት ቀን እንደሚያልቅ ሹክ አላቸው። ጋሼ ጉቦ አልሰጥም ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኛው ነን ያደረግነው። ቅዳሜ ማታ ጀምረን ሰኞ ከመንጋቱ በፊት፣ ስድስት ተማሪዎች ብሎኬት ተሸክመን፣ ሲሚንቶ አቡክተን፣ ከግንበኛው ጋር ጋራዧን አቆምናት። አዲስ አበባ ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚሠራውን ቤት «ጨረቃ ቤት» ትለዋለች፤ እኛም የጨረቃ ጋራዥ ሠራን። ኩራታችን አይጣል ነበር። ጉቦንም ቢሮክራሲንም ባንድ ሌሊት ድል የመታን መሰለን።

ሐምሌ ገባ። ከጋሼ ግቢ ዝቅ ብሎ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። ድሮ በግቢው ጥግ አድርጎ ወደ መንገድ ይወርድ የነበረው ጎርፍ አዲሱ ግድግዳ ሲያግደው ዞሮ በእማማ ወጥ ቤት ገባ። የክረምት ስንቃቸው፣ ሽሮውም በርበሬውም ጤፉም ራሰ። እማማ ወደ ወረዳ ሄደው አልከሰሱም። ከጋሼ በር ላይ ቆመው «ምነው ልጄ፣ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብቻ አሉ። ጋሼ መልስ አጡ። እኛም አጣን።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ነው። አንዱ ጓደኛችን «ሕግ ሕግ ነው። ሶቅራጥስ ከእስር ቤት ማምለጥ እየቻለ የከተማውን ሕግ አልጥስም ብሎ መርዝ ጠጥቷል» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ሶቅራጥስ ላዳ አልነበረውም!» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ግን ኮስተር ብሎ፣ ፈቃድ የሚሸጥ ቢሮ ፈቃድ የመከልከል መብት የለውም ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው ደግሞ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ቦታው የኛ ስላልሆነ፣ ፈቃድ ማለት ባለቦታውን ማስፈቀድ ነው አለ።

በኛ አስተያየት ሦስቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል። ከ1967 በፊት፣ የከተማ ቦታ በግል በሚያዝበት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክል ነበር። ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሌላ ሰው እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ አዟል። እነዚህ ሁለቱ መሬቱ የማን ነው ብለው አልጀመሩም፤ የጀመሩት ከሌላው ሰው ነው።

እንግዲህ የግንባታ ፈቃድ በመሠረቱ የጎረቤት ጥያቄ ነው። ውሃው በየት ይሄዳል? ግድግዳህ ቢወድቅ በማን ላይ ይወድቃል? እሳት ቢነሳ መኪናው በየት ይገባል? ቢሮው ይህን ጥያቄ በአደራ የያዘ እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ጉቦ ሲቀበልበት የራሱ ያልሆነውን ሸጠ፤ አደራ በላ ማለት ይኸው ነው። ታዲያ እኛስ? የተበላሸውን ወረፋ ጥለን ስንወጣ ጥያቄውንም አብረን ጣልነው። እማማን ለመጠየቅ ፋይል አያስፈልግም፣ ማክሰኞ መጠበቅ የለም፣ ለሻይ የሚሰጥ ገንዘብም የለም፤ እንዲያውም ቡና አፍልተው ባጠጡን ነበር። የቢሮው በር ቢዘጋብንም የሳቸው በር ተዘግቶ አያውቅም። በሌሊት የሠራነው ከመሐንዲሱ ለመደበቅ ነው ብለን እናስብ ነበር። ለካስ የተደበቅነው ከሳቸውም ኖሯል!

እዚህ ላይ «እማማ እሺ ካሉ ወረቀቱ ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ነገ በእማማ ቤት ሌላ ሰው ይኖራል፤ ዛሬ ያልተወለደውም በዚያ ሰፈር ያድጋል። ወረቀቱ የሚያስፈልገው እነዚህ ዛሬ ቀርበው ሊናገሩ ስለማይችሉ ነው። ስለዚህ የጎረቤት እሺታ ወረቀቱን አይተካም፤ ወረቀቱም የጎረቤትን እሺታ አይተካም። ቢሮው ሥራውን ባለመሥራቱ መጮህ አለብን። ይሁን እንጂ የሱ ጥፋት የኛን አያጥብልንም።

በማግስቱ እሑድ ስድስታችንም ተመልሰን ሄድን፤ አሁን ግን በጠራራ ፀሐይ። በግድግዳው ሥር ቦይ ቆፍረን ውሃውን ወደ መንገድ መለስነው። ጋሼ የራሰውን እህል ተኩ። እማማ ቦዩ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል ቆመው ያሳዩን ነበር፤ አርባ ክረምት እዚያ ስለኖሩ ከማናችንም ይልቅ የውሃውን መንገድ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጋሼም ፋይላቸውን ይዘው በየማክሰኞው መመላለሳቸውን እንደገና ጀምረዋል። ጋራዧ ትቁም ትፍረስ ገና አልተወሰነም። ትፍረስ ከተባለም ብሎኬቱን የምንሸከመው እኛው ነን።