ስሙ የተቀየረለት ሸለቆ



ዛሬ በሐሳብ ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ። ቶኪዮን የሚጎበኙ ብዙ ሰዎች ለአንድ ቀን መኪና ከነሹፌሩ ተከራይተው ወደ ሐኮኔ ይወጣሉ። ሐኮኔ እሳተ ገሞራ የሠራው የተራራና የሐይቅ አገር ነው። እናንተም በዚያ መኪና ውስጥ እንደተቀመጣችሁ አስቡት።

ኦዋኩዳኒ ከሚባለው ሸለቆ ደረሳችሁ። መሬቱ ራቁቱን ነው። ከስንጥቁ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ የድኝ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። በፍልውሃው የተቀቀለ፣ ቅርፊቱ የጠቆረ እንቁላል ይሸጣል፤ አንዱን የበላ ዕድሜው በ7 ዓመት ይረዝማል ይላሉ። እኛ አጀል በአላህ እጅ መሆኑን ስለምናውቅ ፈገግ ብለን እናልፋለን።

የሚያስቆመን ሌላ ነገር ነው። የዚህ ሸለቆ የድሮ ስም በጃፓንኛ «ገሀነም» የሚል ቃል ነበረበት። በ1870ዎቹ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ሊጎበኙት ሲሉ ለክብራቸው አይመጥንም ተብሎ «ታላቁ የሚፈላ ሸለቆ» ተባለ። እሳቱ ግን ስሙ መቀየሩን አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ2015 ተራራው ተናውጦ አካባቢው ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር።

ወንድሜ፣ እህቴ! እኛስ ስንቱን ሸለቆ ስሙን ቀይረንለታል? ጉቦን «የሻይ» አልነው። ሐሜትን «እውነቱን እኮ ነው የተናገርኩት» አልነው። ከአጅነቢ ጋር እስከ ሌሊት የሚዘልቀውን ቻት «ጓደኝነት ነው» አልነው። ሰላት ማሳለፍን «ሥራ በዝቶብኝ» አልነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኸምርን በሌላ ስም እየጠሩ የሚጠጡ ሰዎች እንደሚመጡ አስቀድመው አስጠንቅቀውናል። ስም ሲያምር ነፍስ ትረጋጋለች፤ ከሥር ያለው ግን ይፈላል።

ቀና ብትሉ፣ ሰማዩ ከጠራ ፉጂ ተራራ ይታያችኋል። 3,776 ሜትር ከፍታ አለው። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1707 ነው። ከ300 ዓመት በላይ ዝም ቢልም፣ አዋቂዎቹ ዛሬም «ሞቷል» አይሉትም። እኛም ወንጀል ሠርተን ምንም ሳይደርስብን ሲቀር የተረሳልን ይመስለናል። አልተረሳም። ጌታችን ሐሊም ነው፤ ጊዜ የሚሰጠን እንድንመለስ ነው።

ጉዞው የሚያበቃው አሺ ሐይቅ ዳር ነው። ውሃው ጸጥ ያለ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ። ይህ ሐይቅ ከየት መጣ? የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ እዚያው ተራራ ፈንድቶ ሲናድ ወንዙን ገደበው፤ ውሃውም ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። ጀልባ የሚንሳፈፍበት ይህ ውበት ትናንት የፍርስራሽ ቦታ ነበር።

ስለዚህ «እኔማ ተበላሽቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለኝ?» የምትሉ ተስፋ አትቁረጡ። ተራራ ከተናደበት ሐይቅ ያወጣ ጌታ ከተሰበረ ልብም ኢማንን ማውጣት አያቅተውም። እናንተ ግን መጀመሪያ ሸለቆውን በእውነተኛ ስሙ ጥሩት። ተውበት የሚጀምረው «ያ ረብ፣ ይህ ወንጀል ነው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ» ከማለት ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ዱዓ የማይመለስበት ሰዓት አለው። ሱረቱል ከህፍን ቅሩ፣ ሰለዋት አብዙ። ከመግሪብ በፊትም ለብቻችሁ ተቀመጡና ስሙን የቀየራችሁለትን አንድ ወንጀል ብቻ በትክክለኛ ስሙ ለአላህ ንገሩት።

አላህ ከወንጀላችን ጋር እንደተለማመድን ከመሞት ይጠብቀን። አሚን!