ቅራሪ በማን ሚዛን?

አብነት፣ አንድ ጠላ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። አራት ነን። አንደኛው ጓደኛችን ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ሐኪሙም መጠጥ ቀንስ ብሎታል። ስለዚህ እኛ ጠላ ስናዝ እሱ ቅራሪ አዘዘ። እትዬ ጣሳውን አምጥተው ሲያስቀምጡለት እኔ ቀደም ብዬ «ውሃ ለመጠጣት ነው እንዴ እዚህ ድረስ የመጣኸው?» አልኩት። ተሳቀ። እሱም አብሮን ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን ጣሳውን ገፋ አደረገና «እትዬ፣ ለኔም ከጠላው ይቅዱልኝ» አለ።

ቀልድ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ቅራሪውን ሳልቀምሰው «ውሃ ነው» ያልኩት በምን መለኪያ ነው?

ቅራሪን ለማያውቅ፦ ጌሾው፣ ብቅሉና የተቆላው እህል ተደፍድፎ ጠላው ከተጠለለ በኋላ፣ በቀረው ላይ እንደገና ውሃ ተጨምሮ የሚወጣ ቀጭን መጠጥ ነው። በዛሬ ቋንቋ «ሎው ካሎሪ» ብንለው ያስኬዳል። የቢራ ካሎሪ በአብዛኛው የሚመጣው ከራሱ ከአልኮሉ ነው፤ አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲኖረው አንድ ግራም አልኮል 7 ገደማ አለው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ከአልኮሉ ብቻ 90 ያህል ካሎሪ ይሰጣል። እና ካሎሪ ልቀንስ ያለ ጠማቂ አልኮሉን መንካቱ አይቀርም። አልኮሉ ሲነካ ደግሞ ምላስ ላይ የሚሰማው ክብደትም አብሮት ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ሚለር ላይት እ.ኤ.አ. በ1975 በመላ አገሪቱ ለገበያ ሲቀርብ ማስታወቂያው ይኼንኑ ሐሜት ለማስተባበል ነበር የደከመው፤ ሆድ አይሞላም፣ ጣዕሙም አልጎደለም እያለ።

በሌላ ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ ቅራሪ አዘዝኩ። የመጀመሪያውን ፉት ስል ቀጠነብኝ፤ ምላሴ ጠላ እየጠበቀ ነበራ። ሦስተኛው ላይ የጋኑ ጢስ መጣ። ከዚያ የጌሾው ምሬት፣ ለስለስ ብሎ። መጨረሻ ላይ ጥም የሚቆርጥ ኮምጠጥ ያለ ነገር። ይኼ ሁሉ ጠላው ውስጥም አለ፤ እዚያ ግን ጉልበቱ ይሸፍነዋል።

ታዲያ ቅራሪ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። ጢሱ የጠፋ፣ የሆመጠጠ ቅራሪ መጥፎ ቅራሪ ነው። መጥፎ ያሰኘው ግን የራሱ ጉድለት ነው እንጂ ጠላ አለመሆኑ አይደለም።

የሰፈራችን ስም ትርጉሙ አርአያ ነው፤ አብነት። ስንቀምስም ስንፈርድም አንድ አብነት ይዘን ነው፣ ይኼ አይቀርም። የትኛውን እንደያዝን ግን እንረሳዋለን። የኔ አብነት ብርቱው መጠጥ፣ ከዚያም አልፎ ብዙ ጠጥቶ የማይበገረው ወንድ ነበር። ጓደኛዬን የለካሁት በዚያ ነው። እሱ ግን የመጣው ጤናውን ሳይጎዳ ከኛ ጋር ሊቀመጥ ነበር። ለዚያ ቅራሪው በቂ ነበር፤ ያልበቃሁት እኔ ነኝ።

እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ። ቀድሜ ቅራሪ አዝዤ ልጠብቀው ነው ሐሳቤ።