ሙታን ይመለሱበታል ስለሚባለው ሌሊት

ምስጋና ሕያዋንን ለሚያሞት፥ ሙታንንም ለሚያስነሣ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ!

በጋይንት የሚነግዱ አንድ አባት ከዐስር ሰላት በኋላ ወደኔ ቀርበው ስልካቸውን ከፍተው አሳዩኝ። በአሜሪካ የሚኖረው የልጃቸው ልጅ የሰው አጽም የተሣለበት ጥቁር ልብስ ለብሶ ቆሟል። አባትየውም «በጥቅምት 21 ማታ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሁሉ እንዲህ ለብሰው ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይጠይቃሉ፤ ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ሲል ጽፎላቸዋል። ሽማግሌው በሥዕሉ ሣቁ፤ ወዲያውም ደነገጡ። «ብናስቀረው ልጁ ብቻውን ያለቅሳል፤ ብንተወው ደግሞ በአላህ ዘንድ እንጠየቃለን» አሉኝ። ልጆቻቸው በባሕር ማዶ ያሉ ብዙዎች ናቸውና መልሱን ለሁላችሁ ልናገር ወደድሁ።

አንድ ሰው ቡዋና በምትባል ስፍራ ግመል ለማረድ ተስሎ ነቢዩን (የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) በጠየቃቸው ጊዜ ወዲያው አልፈረዱም። በዚያ ስፍራ በጃሂሊያ ዘመን ጣዖት ይመለክ እንደ ሆነ፥ የጣዖታውያንም በዓል ይከበርበት እንደ ሆነ አስቀድመው ጠየቁ። አለመኖሩ በተነገራቸው ጊዜ ስለቱን እንዲፈጽም አዘዙት። እኛም የነገሩን ምንጭ አስቀድመን እንመርምር።

ይህ ማታ ሃሎዊን ይባላል። በጥንት ዘመን በአየርላንድና በስኮትላንድ የነበሩ ሕዝቦች መከር ሲያልቅና ብርድ ሲገባ ሳዊን የሚባል በዓል ያከብሩ ነበር። ከብቶቻቸውን ከተራራው ግጦሽ ያወርዳሉ፤ እሳት ያነዳሉ። የጉናን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ዓመቱ ወደ ጨለማው ወራት በሚሻገርበት በዚያ ሌሊት መናፍስት ወደ መንደር ይወጣሉ ብለው ይፈሩ ነበር። በኋላም የሮማ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል በማግሥቱ እንዲውል አደረገች፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ835 በፍራንኮች መንግሥትም ይኸው ተደነገገ። ሃሎዊን ማለትም የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው ምንጭ እንደሚያመዝን የታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ። በእንግሊዝ አገር ድኾች ከቤት ቤት እየዞሩ ዳቦ ይቀበሉና ለሙታን ነፍስ ይጸልዩ ነበር።

ልማዱን ወደ አሜሪካ ካሻገሩት ብዙዎቹ በ1845 ከጀመረው የድንች ረኀብ የሸሹ አየርላንዳውያን ናቸው። በአገራቸው ከመሬት የሚቈፈር ሥር ፈልፍለው መብራት ያደርጉበት ነበር፤ በአሜሪካ ዱባ አገኙ። ከረሜላ መጠየቁ ግን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። ዛሬ የሚያከብረው ሰው አብዛኛው ሙታንን አይፈራም፤ ለነጋዴው ግን ትልቅ ገበያ ነው፤ ይህን እናንተ ሳልነግራችሁ ገምታችኋል።

ዐረቦችም ከእስልምና በፊት ከዚህ ፍርሀት አልዳኑም ነበር። ደሙ ካልተመለሰ ሟች ራስ ውስጥ ሃማ የምትባል ወፍ ወጥታ በመቃብሩ ላይ ትጮኻለች ይሉ ነበር። በምድረ በዳ መንገደኛን የሚያሳስት ጉል አለ ብለውም ይፈሩ ነበር። ነቢዩ ሁለቱንም ሻሩ። ሙታን እስከ ትንሣኤ ቀን በበርዘኽ ናቸው፤ በጥቅምትም በሌላም ወር ተመልሰው ደጅ አይመቱም። ጂኖች መኖራቸውን አንክድም፤ ነገር ግን በራችንን ስንዘጋ የአላህን ስም እንድንጠራ ታዝዘናል እንጂ ጭንብል እንድናጠልቅ አልታዘዝንም።

ነቢዩ መዲና በገቡ ጊዜ ሕዝቡ የሚጫወትባቸው ሁለት ቀኖች ነበሩት፤ አላህ በነዚያ ፈንታ ኢድ አልፈጥርንና ኢድ አልአድሐን እንደ ሰጠ ነገሯቸው። ጨዋታውን ነሥተው ባዶ እጃቸውን አልተዉአቸውም። ስለዚህ ሽማግሌውን፥ «ልጅዎ ያን ማታ በዓል አያድርገው፤ ግን በባዶው አይከልክል። በኢድ ቀን አዲስ ልብስ ያልብሰው፤ ጣፋጭ አስይዞ ወደ ጓደኞቹ ቤት ይውሰደው። በዚያ ማታ የጎረቤት ልጅ ደጁን ቢመታ ግን ባዶ እጁን አይስደደው» አልኋቸው። እኛስ ነሐሴ 13 የጎረቤቶቻችን ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በደጃችን ሲቆሙ መቼ ባዶ እጃቸውን እንሰዳለን? የጎረቤት ሐቅ ነውና።

ሽማግሌው ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ እኔም በተራዬ ጠየቅኋቸው። በመስከረም ትንሿ ልጃቸው በታመመች ጊዜ ቀይ አውራ ዶሮ አስመርጠው ለጭዳ በራሷ ላይ አዙረው አልነበረምን? አላሳፈርኋቸውም፤ እኔም በሕፃንነቴ ዶሮ ዞሮልኛል፤ ያዞረችውም የምትወደኝ አያቴ ናት። ነገር ግን በአሜሪካ ያለው ሕፃን የለበሰው ጨርቅ ነው፤ ማታ አውልቆ ይተኛል። እኛ በወገዳ ለማይታይ ኃይል ደም እናፈሳለን። ነቢዩ ከአላህ ሌላ ለሆነ የሚያርድን ረግመዋል። ከጥንቱ ሳዊን የሚቀርበው ማን ነው?

ዝም አሉ። ቈይተውም «እንደገና ብትታመምስ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር። «ነቢዩ ታከሙ ብለዋል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ዱዓ ያድርጉላት። ዶሮውንም ቢስሚላህ ብለው አርደው ለድኻ ያብሉ» አልኋቸው። ለልጃቸው የሚላከውን ቃል አብረን ጻፍን፤ የዶሮውንም ነገር እንድጨምርበት እርሳቸው ራሳቸው ለመኑኝ።

ይህን እላለሁ፤ ለራሴም ለእናንተም ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ።